በብርድ የተኛች አረር

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

የሳውና ቀን፣ የእንፋሎት መታጠቢያው የሚሞቅበት። ውሃውን እኔ ቀዳሁ፣ እንጨቱን ሬይኖ ፈለጠ። ወንድሜ ከወታደር ቤት ከተመለሰ ወዲህ ክንዱ የሰው አይመስልም። አባዬ ወርክሾፑ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ጠመንጃ ቃታ ሲያስተካክል ዋለ። እማዬ ጥቁር ዳቦ ጋገረች።

አመሻሹ ላይ እንደ ወትሮው ጋሼ ኢቫሪና ሚስቱ እትዬ ሂልያ ከሐይቁ ማዶ መጡ። ጋሼ ኢቫሪ ገና በሩን ሳይዘጋ...

«ሳይሚ! ዛሬ ስንት ቃል ተናገርሽ?»

የሱፍ ካፖርቱን ተቀበልኩት።

«ሦስት ነው አሉኝ። ነገ አራት ይሁን፣ እሺ? እንዳትደክሚ ግን።»

«ተዋት እባክህ! የእሷንም ድርሻ አንተ ትለፈልፈው የለ?» እትዬ ሂልያ ናት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ትንሽ። የእሱ ቀልድ አያሳፍረኝም። ለምን ይሆን? አባዬና እሱ በጦርነቱ ጊዜ አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ስለዚያ አያወሩም። ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ዓሣ ነው።

የአደኑ ቡድን አንድ አጋዘን የመግደል ፈቃድ ይቀረዋል አሉ። ሬይኖ ጠመንጃውን አውጥቶ አሳየ። አሮጌ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ ውስጡ ተበልቶ ነበር፤ አባዬ በበጋው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ቦይ ቆረጠለት። መቁረጫውን ከአባዬ ጋር የጎተትኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልነገርኩም። ሴት ልጅ ወርክሾፕ ምን ታደርጋለች ይላሉ።

ኖቬምበር 27

ሐይቁ በረዶ ሆነ። ጋሼ ኢቫሪ ከሁሉም ቀድሞ በእግሩ ተሻገረ። እትዬ ሂልያ ከማዶ ስትሰድበው እዚህ ድረስ ይሰማል።

ዲሴምበር 5

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። ትንፋሽ እንኳን ድምፅ ያወጣል። ወንዶቹ ለመጨረሻዋ አጋዘን ወጡ። መሪያቸው ጋሽ ታህቮ «ትልቁን ድስት ጣዱ!» ብለው ሄዱ።

ዲሴምበር 7

ሁለት ቀን እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አልሆነም። ዛሬ ልጻፈው።

ጋሼ ኢቫሪ ሞተ። የሞተው ከሬይኖ ጠመንጃ በወጣች ጥይት ነው።

ተኳሾቹ ረግረጉ ዳር ተራርቀው ይቆማሉ። ነጂዎቹ ከጫካው እየጮኹ አጋዘኖቹን ወደ እነሱ ያመጣሉ። ነጂ ወዳለበት መተኮስ ክልክል ነው። ይህን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። አጋዘኗ በቀኝ ወጥታ ወደ ግራ መሮጥ ጀመረች። ሬይኖ ገና በቀኝ ሳለች አንድ ጊዜ ተኮሰ። ሳታት። በግራ በኩል፣ ርቆ፣ ከነጂዎቹ ጋር የነበረው ጋሼ ኢቫሪ ወደቀ።

ሌላ ማንም አልተኮሰም።

ጋሽ ታህቮ ሳሎናችን ቆመው ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ «እየተከተልካት ዞረሃል፣ ሬይኖ። ወጣት ነህ። ደምህ ሞቀ፣ ዞርክ።»

«አልዞርኩም።»

«እሺ፣ ታዲያ ጥይቷ በራሷ ዞራ ሄደች? ዛፍ እንኳን የለም መሐሉ ላይ። ምን አንጥሯት?»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሬይኖ ለእኔ ብቻ፣ «ከተኩሱ በኋላ ድምፅ ሰማሁ... ቭርርር። እንደ ትልቅ ጥንዚዛ።»

በዚህ ብርድ ምን ጥንዚዛ አለ?

ዲሴምበር 8

ሴቶቹ ሬሳውን አጠቡ። እትዬ ሂልያ አላለቀሰችም። ለብሶት የነበረውን ካፖርት ለእማዬ ሰጠቻትና «ጠግኚልኝ፤ በር ላይ ይሰቀል» አለቻት። እማዬ አልቻለችም። ለእኔ ሰጠችኝ።

በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። ከዚያ መብራት ስር ዘረጋሁት።

ቀዳዳው ክብ አይደለም። ሱፉ ወፍራም ስለሆነ ቅርጹን ይዟል። ረዥም ነው፣ ቀጭን፣ ሁለቱም ጫፉ በግልጽ የሚታይ። ከወርክሾፑ አንድ አረር አምጥቼ በጎኗ አስተኛኋት። ልክክ አለች።

በአፍንጫዋ አይደለም የገባችው። በጎኗ ነው። ተኝታ።

መልሼ አነሳኋት። መርፌውን ይዤ ቁጭ አልኩ። አልሰፋሁትም።

ዲሴምበር 9

ቭርርር ይላል። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ። ነፋሱ በጭስ ማውጫው ሲገባ። ዛሬ እማዬ የክር መዘውሯን ስታዞር ሮጬ ወጣሁ።

ውጭ ደግሞ ጋሼ ኢቫሪ አለ። ሐይቁ ዳር፣ ዛፎቹ ስር፣ ያለ ካፖርት። ቀና ብዬ ሳይ የለም። ይበርደው ይሆን እላለሁ። ሞኝ ነኝ።

አባዬ ያስተማረኝን ልጻፍ፣ ራሴ እንዲያርፍ። አፈሙዝ ውስጥ ያለው ቦይ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይጠመዘዛል። አረሯ በዚያ እየተሽከረከረች ትወጣለች። እንደ እንዝርት ናት። እንዝርት በኃይል ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሽክርክሪቱ ሲያንስ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። አረር ደግሞ ረዥም በሆነች መጠን ብዙ ሽክርክሪት ትፈልጋለች፤ ሬይኖ የሚተኩሳት ረዥሟን ነው። ካነሳት በአየር ላይ ትገለባበጣለች። የተገለበጠች ጥይት የት እንደምትሄድ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ ሌላውንም አውቃለሁ። መጻፍ ግን ፈራሁ።

ዲሴምበር 10

ልጻፈው።

ቦዩን የምንቆርጠው በመሪ ዘንግ ነው። ዘንጉ ራሱ የተጠመዘዘ ነው፤ ሲጎተት እየዞረ ይመጣል፣ መቁረጫውም አፈሙዙ ውስጥ አብሮት እየዞረ ይፍቃል። ብዙ መቶ ጊዜ ይጎተታል። የብረቱ ዘንግ፣ በሠላሳ ሳንቲሜትር አንድ ጊዜ የሚዞረው፣ ባለፈው ጸደይ ተሰነጠቀ። አባዬ ሌላ ከበርች እንጨት ሠራ። አዲሱ በአርባ ሳንቲሜትር ነው አንድ ጊዜ የሚዞረው። ዝግ ያለ ነው፣ አረሯን እንደ ድሮው አያሽከረክራትም። ሲጎተት ይቀላል።

ያኔ ሬይኖ ወታደር ቤት ነበር። የምጎትተው እኔ ነበርኩ። እጄ ይላጥ ነበር።

ዲሴምበር 12

ለአባዬ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚህ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ሞረድ ይዞ ነበር። ካፖርቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«በጁላይ ወረቀት ላይ ስንሞክረው ቀዳዳው ሁሉ ክብ ነበር። አንቺው ነሽ ወረቀቱን ያመጣሽው።»

«በጁላይ ሙቀት ነበር፣ አባዬ።»

«በኦክቶበር አጋዘን ጥሎበታል!»

«በኦክቶበርም ዝናብ እንጂ ብርድ አልነበረም። አንተ አይደለህ በብርድ አየሩ ይወፍራል ያልከኝ? ጥይት ይከብዳታል ያልከኝ?»

ሞረዱን አስቀመጠ። በዚህ አገር ጠመንጃ የሚሞከረው በበጋ ነው። አባቱም በበጋ ሞከረ፣ የአባቱም አባት። በክረምት አይን የሚያስለቅስ ብርድ ላይ ቆሞ ወረቀት የሚበሳ ማን አለ? የድሮው ዘንግ ስለሚያሽከረክር ክረምቱንም ይችለዋል፣ ማንም ልዩነቱን አያይም። አዲሱ ግን በጭንቅ ነው የሚበቃው። ለበጋ በጭንቅ፣ ለክረምት ግን...

«አባዬ፣ ለምን ዝግ አደረግከው?»

አላየኝም። «ለክንድሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ደግሞ፣ በቀስታ፣ «እንደምትዪው ከሆነ ኢቫሪን እኔ ገደልኩት ማለት ነው። ገብቶሻል? በጀርባው ተሸክሞኝ የወጣ ሰው ነው።»

ሄጄ ተኛሁ። ክንዴን ብርድ ልብስ ውስጥ ደበቅሁት።

ዲሴምበር 15

ቀብር። መሬቱን ለመቆፈር እሳት አንድደው ነበር። እትዬ ሂልያ ሬይኖን አየችው። አየችው ብቻ። ከኋላችን አንዷ ሴት፣ «ልጁ ደግሞ ለመምጣት አላፈረም» አለች። ሌላዋ፣ «ባይመጣስ ምን ልትዪ ነበር?»

ስንመለስ ሬይኖ፣ «ምናልባት ዞሬ ይሆናል» አለ። ለራሱ ነው የተናገረው።

ዲሴምበር 17

በረዶው ቀለጠ። ጣራው ይንጠባጠባል። አባዬ «ነይ» አለኝ፤ ጠመንጃውን እሱ ይዞ ከመንደሩ ወጣን። ወረቀት ሰቀልኩ። ተኮሰ።

ክብ። ሁሉም ክብ፣ ቁልፍ የሚያህል፣ አንድ ቦታ ላይ።

አባዬ ተነፈሰ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ሲተነፍስ አላየሁም። «አየሽ?»

«ሞቋል እኮ...»

«በቃ፣ ሳይሚ። በቃ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደስ ብሎት ነበር። ልጁ ነፍሰ ገዳይ እየተባለ ደስ አለው? አይደለም። ለአንዲት ሰዓት ጓደኛውን አለመግደሉ ነው ደስ ያለው። ይገባኛል። ግን ሬይኖስ?

ዲሴምበር 21

ፖሊስ አዛዡ ጃንዋሪ 3 ይመጣሉ። የሬይኖን ቃል ይጽፋሉ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሬይኖ «ዞሬያለሁ እላለሁ፣ ልገላገል» አለ። እማዬ ሳህን ጣለች።

«አልዞርክም፣» አልኩት።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

አልነበርኩም። ቀዳዳውን ነገርኩት። ሰማኝ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አባዬ ሞክሮታል አሉ። ክብ ነው። ተይኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ስዞር ነው የማየው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እዞራለሁ።»

ዲሴምበር 25

ገና። ዝናብ! ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ለሰላም ሲጸልይ እኔ ለብርድ ጸለይኩ። ከባድ ብርድ፣ ዛፍ የሚሰነጥቅ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ተነፈሰ፣ ቀዝቃዛ። ዞር አልኩ። ባዶ ወንበር።

ጋሼ ኢቫሪ ጸሎቴን ሰምቶ ይሆን? የተናደደ አይመስለኝም። የሚጠብቅ ነው የሚመስለኝ።

ዲሴምበር 30

ሰማዩ ጠራ። ከዜሮ በታች ስምንት። ገና ነው...

ጃንዋሪ 1

ጠዋት ሳሎኑ መስኮት በሙሉ በበረዶ አበባ ተሸፍኗል። ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት።

አባዬ አልተነሳም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። መንቃቱን አውቃለሁ።

ጠመንጃውን አነሳሁ። ጥይቶቹንም፣ ረዣዥሞቹን። ጋሽ ታህቮ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ የአዲስ ዓመት ቁርስ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጠመንጃ የያዘች ልጅ። መሬቱ ቢውጠኝ...

«ሳይሚ? ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?»

«ይምጡ። ሐይቁ ላይ። ወረቀት ይዘው ይምጡ።» ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «ጥይቷ በራሷ ዞራ ሄደች ወይ ብለው ነበር። አዎ። በራሷ ነው።»

አንዱ ሳቀ። ጋሽ ታህቮ አልሳቁም። ካፖርታቸውን አነሱ።

በረዶው ላይ ጋዜጣ በእንጨት እየወጠርን አቆምን። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ራቅ፣ ሌላው ደግሞ ራቅ፣ በአንድ መስመር። ወንዶቹ ከኋላ ቆሙ። ጠመንጃውን ሳጎርስ ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ያኔ ከኋላዬ በረዶ ሲረገጥ ሰማሁ። አባዬ። ሸሚዙን በግልባጭ ለብሶታል።

«ስጪኝ፣» አለ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ተኮሰ።

ቭርርር።

ሁሉም ሰሙት። ሬይኖም ሰማው፣ መቼ እንደመጣ አላውቅም፣ ከጀልባው ቤት አጠገብ ቆሟል። ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

ሄደን አየን። ቅርቡ ወረቀት ላይ ቀዳዳው ክብ። ሁለተኛው ላይ የእንቁላል ቅርጽ። ሦስተኛው ላይ ረዥም፣ የተኛ፣ ካፖርቱ ላይ ያለው ራሱ። ሩቁ ወረቀት ባዶ። በረዶው ላይ ግን አንድ ጭረት፣ ወደ ግራ፣ በጣም ርቆ። አባዬ እንደገና ተኮሰ። ያቺኛዋ በቀኝ ጠፋች። ሦስተኛዋ በግራ።

ጋሽ ታህቮ ጭረቱ አጠገብ ተንበረከኩ። በጓንታቸው ለኩት። ወደ ወረቀቱ አዩ፣ ወደ ጭረቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በዚያ ብርድ።

«ኔስቶሪ...» የአባዬ ስም ነው። «ኔስቶሪ፣ ምን አደረግክ?»

አባዬ፣ «የአፈሙዙን ቦይ ዝግ አድርጌ ቆረጥኩት። ልጁ አልዞረም። እኔ ነኝ።»

ስለ ክንዴ አልተናገረም። እኔን አላየኝም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ጃንዋሪ 3

ፖሊስ አዛዡ መጡ። ጠመንጃውን፣ ወረቀቶቹን፣ የበርች ዘንጉን ወሰዱ። የሬይኖን ቃል ጻፉ፦ በቀኝ ተኮስኩ። የአባዬንም ጻፉ። ሲወጡ፣ «ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ፈልጌ ማግኘቴን እንጃ» አሉ።

ጃንዋሪ 14

በዚያ ዘንግ የተቆረጡ ሌሎች አፈሙዞች አሉ። አባዬ በበረዶ ሸርተቴ እየዞረ ይሰበስባል። ዛሬ አብሬው ሄድኩ። አንዱ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ፣

«አልሰጥም! በዚህ ነገር ሦስት አጋዘን ጥያለሁ!»

«በመከር ነው የጣልካቸው።»

«ታዲያ በመከር ብቻ እተኩሳለሁ!»

«ልጅህ መከር መሆኑን ጠብቆ ነው የሚያነሳው?» አለው አባዬ።

ሽማግሌው ገባ፣ ይዞት ወጣ። ተሳደበ፣ ሰጠ። ቤት ስንደርስ አባዬ በመጋዝ ለሁለት ቆረጠው። እኔ ያዝኩለት።

ጃንዋሪ 26

ሬይኖ ነፃ ነው። በደብዳቤ መጣ። አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ደስ አይልህም?» እማዬ።

«ይለኛል።» እጁን አየና፣ «ከእኔ እጅ ግን ነው የወጣችው።»

ነገ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ እንጨት ቆረጣ። መጥረቢያ ብቻ ይዞ።

ፌብሩዋሪ 9

ካፖርቱን ለእትዬ ሂልያ ወሰድኩላት። ጠግኜዋለሁ በመጨረሻ። በሩን ከፈተች፣ ተቀበለችኝ፣ አላስገባችኝም።

«ያደረግሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው። ወንድምሽን አዳንሽ።» ከንፈሯ ደርቋል። «እኔን ግን ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? በእሱ ስናደድ ይቀለኝ ነበር። ጠዋት የምነሳው በዚያ ነበር። አሁን በማን ልናደድ? በብርዱ?»

በአባዬ ልበላት? ወይስ በክንዴ? አፌን ከፈትኩ።

በሩን ዘጋችው።

ፌብሩዋሪ 23

እንደገና ሄድኩ። ቆሜ አንኳኳሁ። ስለ ክንዴ ነገርኳት፣ ስለ ዘንጉ፣ ሁሉንም፣ በተዘጋው በር በኩል። አበቃሁ። ልሄድ ስል፣

«በረዶውን አራግፊና ግቢ።»

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ሬይኖ አልጻፈም። አባዬ ወርክሾፑን ለሁለት ወር ዘግቶ ትናንት ከፈተው፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፏል፦ በብርድ ያልተሞከረ ጠመንጃ ከዚህ አይወጣም። ሰዉ ይስቅበታል። ይሳቅ።

እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ሂልያ ቤት ነኝ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። አሁን የማወራው እኔ ነኝ። እሷ ታዳምጣለች። አንድ ነገር ብቻ ነው መስማት የምትፈልገው። ጥይቷ ስትወጣ ምን እንደሆነች፣ መቼ መንገዳገድ እንደጀመረች፣ አየሩ እንዴት እንደገፋት። ጋሼ ኢቫሪ ድምፁን ሰምቶት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥይቷ ከድምፁ ትቀድማለች አልኳት። ይህን ወደደችው። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ጥያቄ።

«ቀኑ ሞቃት ቢሆን ኖሮስ? የት ትሄድ ነበር?»

«ወደ አጋዘኗ።»

«እሱስ?»

«ከጫካው እየጮኸ ይወጣ ነበር።»

«እየሳቀ፣» አለች።

«እየሳቀ።»

ወተት ቀዳችልኝ። ወንበሯን ወደ ምድጃው አስጠጋች።

«በይ፣ ያንን ንገሪኝ። ሞቃት የሆነበትን። ከመጀመሪያው።»

ጀመርኩላት።